በአንዲት የተሰረዘች ቁጥር ምክንያት ደብረ ብርሃን ደርሶ መልስ

ባለፈው ቅዳሜ ከአንኮበሯ ከተማ ከጎረቤላ ወደ ደብረ ብርሃን የሄድኩት ሁለት ተማሪዎቼን ይዤ ነው። ለሰው የነገርኩት የጉዞው ምክንያት ይህ ብቻ ነው። ለማንም ያልነገርኩት ደግሞ ነበረ፤ አንድ ስሕተቴን ሰው ሳያየው ደርሼ ላጠፋው እየሮጥኩ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደብረ ብርሃን ያለው ዩኒቨርሲቲ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሒሳብ ንግግር ያዘጋጃል። ፈተና የለውም፣ ውጤትም አይያዝበትም። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር አንድ ሐሳብ ይዞ ይመጣል፤ ልጆቹ ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ ሰሌዳ ላይ ወጥተው ይሞክራሉ። የዚህ ሳምንት ርዕስ «ቀሪ» ነበር፤ ቁጥር ለቁጥር ሲካፈል የሚተርፈው ማለት ነው። አዘጋጇ ዶክተር ሰላማዊት «ቤተ ክህነት የፋሲካን ቀን የሚያወጣው በቀሪ ነው፤ እናንተ ዘንድ ይህን የሚችል ተማሪ አይጠፋምና አንድ ላኩልን» ብለው ጻፉልኝ።

እኔም ፅጌን መረጥኩ። ፅጌ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ ናት። አባቷ መሪጌታ ላቀው ባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም ያንኑ የአጽዋማትና የበዓላት ስሌት፣ ለደቀ መዛሙርት ሲያስተምሩ እየሰማች ነው ያደገችው። በሁለት ገጽ ጥንቅቅ አድርጋ ጽፋ አመጣች። ከዓለም መፈጠር እስከ ክርስቶስ ልደት ያለውን 5500 ከዘንድሮው 2018 ጋር ትደምርና 7518 ትላለች፤ ለ19 ታካፍለውና ቀሪው 13 ይሆናል። ከዚያ ከ13ቱ ላይ አንድ ትቀንሳለች።

«ይቺ አንድ ከየት መጣች?» አልኳት፣ በክፍሉ ሁሉ ፊት።

«እንደዚያ ነው የሚደረገው ቲቸር።»

«እንደዚያ ነው የሚደረገው ማለት ማረጋገጫ አይሆንም» አልኩና በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኳት። ከሥር ያለውንም በዚያው መንገድ አስተካከልኩት። የሚቀጥለው ሥራ ቁጥሩን አንዴ በ11፣ አንዴ በ19 እያባዙ ለ30 ማካፈል ነው። ሁለቱ ቀሪዎች አበቅቴና መጥቅዕ ይባላሉ፤ ሲደመሩ ሠላሳ መሙላት እንዳለባቸው ከልጅነቴ ሰምቻለሁ። በኔ እርማት 23 እና 7 መጡ፤ ድምራቸው ሠላሳ። ይኸው ገጠመ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ለዶክተሯ በቴሌግራም ላክሁት፤ ለተማሪዎቹ አባዝተው እንደሚያድሉት ነግረውኝ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ ስሌቱን እስከ መጨረሻው ልውሰደው አልኩ። ፋሲካ ሚያዝያ 18 ወጣ። ቀና ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር ሳይ ሚያዝያ 4 ይላል። እግዜር ይይልኝ፣ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ካላንደሩን ነው። ሁለተኛ አሰላሁት፣ ሦስተኛ አሰላሁት። በመጨረሻ ያቺን የሰረዝኳትን አንድ መልሼ ባስገባት ጊዜ ፋሲካ ዞሮ ሚያዝያ 4 ላይ ቁጭ አለ። አገሩን በሙሉ ሁለት ሳምንት አዘግይቼ ላስፈስክ ነበር ማለት ነው።

ወደ ዶክተሯ ብደውል ኔትወርክ የለም። ማታም የለም። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ደግሞ የኔ አይደለም።

ጎረቤላ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት

በታኅሣሥ ጠዋት የጎረቤላ ጭጋግ ከገደሉ ሥር ተነስቶ ሰው ደጃፍ ድረስ ይመጣል። መናኸሪያው ስደርስ ፅጌና ጓደኛዋ ብርቄ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ቆመዋል። መሪጌታ ላቀው ከአጠገባቸው ነበሩ፤ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው።

«እንግዲህ መምህር፣ አደራዎን» አሉኝ። «አንድ ጊዜ ትሂድና እንየው ብያለሁ። ደኅና ነገር ከሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመላለስ። ካልሆነ ግን በከንቱ መንገድ ለመንገድ ከምትንከራተት እናቷን ታግዝ።»

«ደኅና ነገር ነው መሪጌታ፤ ምንም አይጠራጠሩ» አልኩ። ዓይናቸውን ግን ማየት አቃተኝ።

ወደ ልጃቸው ዞሩና «መምህርሽ ያረሙልሽን አንብቢ። ከራስሽ አንዳች እንዳትጨምሪ» አሏት። እሷም «እሺ አባዬ» አለች።

ሚኒባሱ ሳይሞላ አልነሳም አለ። ታሪፉ ሌላ፣ የምንከፍለው ሌላ መሆኑን ሁላችንም ስለምናውቅ በሰው መቶ ሃምሳ ብር ከፍለን ዝም አልን። ሦስት ጆንያ ባቄላ የጫኑ ሴትዮ ከኋላ ተደላድለው ተቀመጡ፤ ለሁለት መነኮሳትም ቦታ ተለቀቀ። እኔ ሰዓቴን በየደቂቃው አያለሁ። ንግግሩ የሚጀምረው ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ የተነሳነው አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።

ዳገቱ ላይ፣ አንድ ሰዓት ተኩል

ከጎረቤላ ወጥቶ ወደ ደጋው ሜዳ የሚያደርሰው ዳገት በጠራ ቀን ዓይን የማይጠግበው ነው። በስተቀኝ ገደሉ ተንሸራቶ እስከ ቆላው ድረስ ይወርዳል፤ በስተግራ አስታና ጅብራ የበቀለበት ተረተር አለ። ያን ቀን ግን የሚታየው የሚኒባሱ መጥረጊያ ብቻ ነበር። ሹፌሩ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ጭራሽ ቆመ።

«ወንድሜ፣ እንቸኩላለን» አልኩት።

«እኔም እቸኩላለሁ ጋሼ። ገደሉ ግን አይቸኩልም» አለኝና ሞተሩን አጠፋ።

ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀብኝ። መነኮሳቱም ፈገግ አሉ። ብርቄ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ ጥላ ተኝታለች፤ ይቺ ልጅ የትም ቦታ መተኛት ትችላለች፣ እኔ ክፍል ውስጥ ጭምር። ከመንገዱ ዳር የጭላዳ ዝንጀሮዎች ድምፅ ይሰማል፣ አይታዩም። ፅጌ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ያረምኩትን ገጽ በከንፈሯ ታጠናለች። ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም።

«ፅጌ።»

«አቤት ቲቸር።»

«ያቺ የሰረዝኳት አንድ መሰረዝ አልነበረባትም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። በኔ እርማት ፋሲካ ሚያዝያ 18 ይሆናል።»

ትደነግጣለች ብዬ ነበር። ዓይኗን ከደብተሯ ሳትነቅል «አውቃለሁ ቲቸር» አለችኝ።

«ታውቂያለሽ? ከመቼ ጀምሮ?»

«የዚያኑ ዕለት። ቤት ሄጄ ሳወጣው አልገጥም አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርስዎ ነዎታ ያረሙት።»

«እና ዛሬ ልታነቢው ነበር? ስሕተት መሆኑን እያወቅሽ?»

መልሷን ከንፈሯ ላይ ሳየው ቆይቻለሁ፤ በቃሏ ልትይዘው ጥቂት ነው የቀራት። ማፈር ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አላውቅም።

ወረቀቱ ቀድሞ መሄዱንም ነገርኳት። ይህን ጊዜ ደብተሯን ዘጋች።

«ስሜ አለበት?»

«አለበት።»

«ሙሉ ስሜ?»

«ሙሉ ስምሽ።»

ሙሉ ስሟ ፅጌ ላቀው ነው። እዚህ አገር የልጅ ስም ያለ አባት ስም አይጻፍም። ደብረ ብርሃን ዙሪያ የቄስ ልጅ ሞልቷል፤ አዳራሹ ውስጥም አይጠፋም። መሪጌታ ላቀውን ደግሞ የማያውቅ የቄስ ልጅ የለም።

«እንደርሳለን» አልኳት።

ጭጋጉ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ትንሽ ሲገልጥ ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ሜዳው ላይ ስንወጣ ፀሐይ ነበረች። ውርጩ ከሣሩ ላይ ገና አልለቀቀም፤ ገበሬው ግን አውድማ ላይ በሬዎቹን ማዞር ጀምሯል። የተከመረው ገብስ ከሩቅ ያብረቀርቃል። በሌላ ቀን ቢሆን ይህን አይቼ ደስ ይለኝ ነበር።

ፍተሻው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

ከከተማው መግቢያ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። በዚህ ዘመን መንገድ ላይ መቆም የተለመደ ነው፤ ሰው መታወቂያውን በእጁ ይዞ ነው የሚወርደው። ጆንያው ተዳሰሰ፣ የመነኮሳቱ ከረጢት ታየ። ፈታሹ የፅጌን ደብተር ገልጦ ቁጥር በቁጥር ሆኖ ሲያገኘው ግንባሩን ቋጠረ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የፋሲካ ሒሳብ ነው።»

«መቼ ነው ታዲያ ዘንድሮ?»

«ሚያዝያ 4» አለች ወዲያው።

ሰውየው ለራሱ «ሚያዝያ 4» ብሎ ደገመውና ደብተሩን መለሰላት። ለማታውቀው ታጣቂ ትክክሉን ለመናገር ያልፈራች ልጅ እኔን ፈርታ ኖሯል። ይህን እያሰብኩ ሚኒባሱ ውስጥ ተመልሼ ገባሁ።

ደብረ ብርሃን፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ

የደብረ ብርሃን ብርድ ፀሐይ እያለም አይለቅም። ከመናኸሪያው ባጃጅ ይዘን ከዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ደረስን። ጥበቃዎቹ ደብዳቤ ጠየቁን፤ አሳየሁ። ማኅተሙ ደብዝዟል ብለው አገላብጠው አዩት። አንዷ ጥበቃ ልጆቹን አየት አደረገችና «ለቅዳሜ ሒሳብ ናቸው፤ ተጀምሯል እኮ፣ ፍጠኑ!» ብላ አስገባችን። እግዜር ይስጣት። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ተማሪ አስከትዬ ሮጥኩ።

የአዳራሹን በር ስከፍት የሰማሁት ሳቅ ነው። ወንበሩ በሙሉ ተይዟል፤ የተረፉት ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉም ያንን ወረቀት ይዘዋል። ሰሌዳው አጠገብ ዶክተር ሰላማዊት ቆመዋል፤ መሐል ላይ አንድ ነጠላ ያጣፋ ተማሪ ተነስቶ ይናገራል። ከሰላ ድንጋይ የመጣ ዲያቆን መሆኑን በኋላ ነው ያወቅኩት።

«አንድ ለዘመን ይቀነሳል፤ ይህን የቆሎ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል» ይላል። «በዚህች ልጅ ስሌት ፋሲካን ሁለት ሳምንት ዘግይተን ልንፈስክ ነው። መሪጌታ ላቀው የሚባሉ ሊቅ አንኮበር አሉ፤ የሳቸው ልጅ ከሆነች ግን እንጃ…»

ሳቁ እንደገና ተነሳ። ዞሬ ፅጌን አየኋት። በሩን ይዛ ቆማለች፤ አንድ እግሯ ውጪ ነው።

ዶክተሯን ቀስ ብዬ ጠርቼ በጆሮ ልነግራቸው እችል ነበር። ሌሊቱን ያቀድኩትም ያንን ነው። አሁን ግን በጆሮ የሚነገርበት ጊዜ አልፏል። እጄን አነሳሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሌላው እጁን ሲያነሳ እያየሁ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ማንሳቱ ምን ያህል እንደሚከብድ ረስቼው ነበር።

«የልጅቷ መምህር ነኝ» አልኩ። «እሷ አንዱን ቀንሳ ነበር ያመጣችው። ይቺ አንድ ከየት መጣች ብዬ የሰረዝኳት እኔ ነኝ። ስሕተቱ የኔ ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የሷ። ወንድሜ፣ ያልከው ልክ ነው፤ የተናገርከው ግን በሷ ላይ ሳይሆን በኔ ላይ ይሁን።»

ዲያቆኑ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ዶክተር ሰላማዊት ፈገግ ብለው «እንኳን ደኅና መጡ» አሉኝና ጠመኔውን ወደ በሩ ዘረጉ፤ «ፅጌ አንቺ ነሽ? ነይ፣ የራስሽን ሥሪው።»

ሁለተኛው እግሯ ወደ ውስጥ ሲገባ አየሁ። ከዚያ በኋላ ነው የተነፈስኩት።

ሰሌዳው ላይ 13 ጻፈች፣ አንድ ቀነሰች፣ 12 አለች። ገና ከመቀጠሏ ከፊት ረድፍ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ሐዋ ትባላለች፤ ከወለጋ ከተፈናቀሉት ቤተሰቦች ናት፣ የምትኖረው እዚያው ከተማ መጠለያ ካምፕ ውስጥ ነው።

«እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የፋሲካ ሒሳብ አልተማርኩም» አለች። «ግን ይቺ አንድ ለምን እንደምትቀነስ ሳላውቅ መቀነስ አልፈልግም።»

ጥያቄው የኔው ነበር፤ ቃሉ ራሱ ከኔ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ሐዋ ጠይቃ መልሱን ለመስማት ጠበቀች፤ እኔ ጠይቄ ሰረዝኩ።

ፅጌ ጠመኔውን ዝቅ አደረገች። «አንቺ ስንት ዓመትሽ ነው?» አለቻት።

«አሥራ ሰባት።»

«አሥራ ስምንተኛው ላይ ነሽ ማለት ነው፤ ግን አልሞላሽምና አትቆጥሪውም። 2018ም እንደዚያው ነው። ገና ውስጡ ነን፣ አልጨረስነውም። የሚቆጠረው ያለቀው ዓመት ብቻ ነው። ያላለቀውን ነው የምንቀንሰው።»

«ወላሂ ገባኝ» አለች ሐዋ፣ ጮክ ብላ። አዳራሹ እንደገና ሳቀ፤ የአሁኑ ሳቅ ግን ሌላ ነው።

ዶክተሯ አልለቀቋትም። «መምህርሽ ሲያርሙ ሁለቱ ቀሪዎች ተደምረው ሠላሳ መጥተውላቸዋል። ትክክለኛውም ሠላሳ ይመጣል። ስሕተቱን ሠላሳው ለምን አልያዘውም?» አሏት።

ፅጌ 12 እና 18 ብላ ጻፈች፤ ጎን ለጎን 23 እና 7 ብላ ጻፈች። ሰሌዳውን ለረጅም ጊዜ አየችው። እኔም አላውቀውም ነበር፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። ከዚያ ድንገት ዞረች።

«አንዱ በ11 ነው የሚባዛው፣ አንዱ በ19። አሥራ አንድና አሥራ ዘጠኝ ራሳቸው ሠላሳ ናቸው። ስለዚህ የትኛውም ቁጥር ቢገባ ሠላሳ ይሞላል። ሠላሳው የሚያየው ማካፈላችንንና ማባዛታችንን ነው እንጂ የገባው ቁጥር ልክ ይሁን አይሁን አያይም።»

ጭብጨባው ከኋላ ነው የጀመረው፤ ከዲያቆኑ በኩል ነበር። ሲያልቅ መጥቶ «እኅቴ፣ ይቅር በይኝ» አላት። ብርቄም ነቅታ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ነቅታ ቆየች፣ ይህም መመዝገብ አለበት።

መልስ

ጾም ስለሆነ ከግቢው ፊት ለፊት ባለች ትንሽ ምግብ ቤት ተጋቢኖ በላን። ሸክላው ላይ እየፈላ ነው የመጣው። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ምግብ በወጉ አልወረደልኝም ነበርና ለልጆቹ ያዘዝኩትንም ሳልሻማቸው አልቀረሁም። ከመለያየታችን በፊት ሐዋ የፅጌን ስልክ ቁጥር ተቀብላ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከፊት ወንበር እንደምትይዝላት ነግራት ሄደች። ፅጌ «ከመጣሁ» አለች።

ስንመለስ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ያ ጠዋት ያልታየው ገደል ሙሉ ለሙሉ ተገልጦ፣ የቆላው ሜዳ ከሥሩ ተዘርግቶ ታየ። ጭላዳዎቹ መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። ትከሻዬ ሲላላ ተሰማኝ፤ ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ድረስ ሰቅዬው ኖሯል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጎረቤላ ስንደርስ መሪጌታ ላቀው ጠዋት የተውናቸው ቦታ ላይ ቆመዋል። ልጆቹ ሰላም ሲሏቸው ጠበቅሁና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መሰረዜን፣ በስማቸው መሳቁን፣ ልጃቸው ሰሌዳ ላይ የሠራችውን። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ወረቀቱን አይቼው ነበር» አሉኝ በመጨረሻ።

«እርስዎም አውቀው ነበር? ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«በመምህር ሥራ መግባት ነውር ነው ብዬ። ምናልባት ዘመናዊው ሒሳብ እንዲህ ይሆናል አልኩ።» ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ሰው ፊት ቆመው የኔ ነው ካሉ ግን፣ ደኅና ቦታ ነው የወሰዷት። ቅዳሜ ቅዳሜ ትሂድ።»

ፅጌ የአባቷን እጅ ሳመች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት?»

«ንገሪኝ።»

«ያለፈው ፈተና ላይ ስድስተኛው ጥያቄ መልስ የለውም። ከአራቱም ምርጫ ልክ የለም።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ፈተናው ላይ።»

«ሌላ ማን ያውቃል?»

ፅጌና ብርቄ ተያዩ። «ሁሉም» አለች ብርቄ።

መናኸሪያው መሐል ቆሜ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ «ገባችሁ?» ብዬ ስጠይቅ የሚመለስልኝን ዝምታ መግባት ነው ብዬ ስቆጥረው ኖሬአለሁ። ስንቱ አውቆ ዝም እንዳለኝ፣ ስንቱ ስሕተቴን በቃሉ አጥንቶ እንደሄደ አላውቅም። ከዚህ መንገድ የተማርኩት ይህንን ነው።

ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቼ የዕለቱን ምሳሌ ሰሌዳው ላይ ሠራሁና በ«ገባችሁ?» ፈንታ «የት ላይ ነው የተሳሳትኩት?» ብዬ ጠየቅሁ። መጀመሪያ የፅጌ እጅ ወጣ። ቀጥሎ ከኋላ ወንበር፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ሰምቼው የማላውቀው ልጅ እጁን አወጣ።